ሙቀት ሲበረታ መርፌ የምጠቀምበት መንገድ

አኩፓንክቸር፣ ማለትም በሰውነት ላይ በተወሰኑ ነጥቦች ቀጭን መርፌ የሚወጋበት የቻይና ሕክምና፣ የሰውነትን ሙቀት እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አያወርድም። ማቀዝቀዙ የውሃ፣ የጥላና የነፋስ ሥራ ነው። መርፌ የምጠቀመው ሙቀት ለሚያስከትላቸው ነገሮች ነው፦ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ራስ ሲከብድ፣ ሆድ ሲያቅለሸልሽ፣ ምግብ ሲያስጠላና ሰው ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ። አሠራሬን በሙሉ የቀየረው ይህን መለየቴ ነው።

በቻይና ሕክምና የሙቀቱ ወቅት የእሳትና የልብ ወቅት ይባላል። «ሳንፉ» የሚሉት እጅግ የሚያቃጥለው ጊዜ በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ይገባና ነሐሴ ሲጋመስ ይወጣል፤ እንደ ዓመቱ 30 ወይም 40 ቀን ነው። ዉሃን፣ ናንጂንግና ቾንግቺንግ የተባሉት የቻይና ከተሞች በዚህ ወቅት «ምድጃዎቹ» ይባላሉ። እዚያ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ ላብ ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ አይተንም። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ሙቀቱ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ ብዬ ነው። ደረቅ ሙቀት ባለበት ሪያድ ያለ ሰውና እርጥብ ሙቀት ባለበት ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ ሰው እኩል አይታከሙም።

ለሁለቱም የምጀምረው «ጩቺ» ከሚባለው ነጥብ ነው። ክርን በ90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ እጥፋቱ በውጭ በኩል የሚያልቅበት ቦታ ነው። 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው መርፌ ከ1 እስከ 1.5 ጹን እገባለሁ፤ ቀጭን ክንድ ላይ ከዚያም አሳንሳለሁ። ጹን የታካሚው የራሱ አውራ ጣት ስፋት ነው፤ በሐኪሙ ጣት የለካ ሰው ቦታውን ይስታል። ሁለተኛው «ኔይጓን» ነው፦ ከእጅ አንጓ እጥፋት 2 ጹን ወደ ላይ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል። ለማቅለሽለሽና ለልብ ምት መረበሽ የምመርጠው እሱን ነው። ከሥሩ ትልቅ ነርቭ ስላለ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ወደ ጣቶች ከሄደ መርፌውን ወዲያው ወደ ኋላ እስባለሁ። የሚፈለገው የመክበድና የመወጠር ስሜት ብቻ ነው። ሙቀቱ እርጥብ ከሆነ ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል፣ የቅልጥሙ አጥንት በሚታጠፍበት ጎድጓዳ ያለውን «ዪንሊንግጭዋን» እጨምራለሁ።

በዚህ ወቅት ከስድስት መርፌ አላልፍም፤ ቆይታውም በተለመደው 30 ደቂቃ ፈንታ ከ15 እስከ 20 ይሆናል። ምክንያቱ ራስን መሳት ነው። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ላብ ፈሳሽን ይቀንሳል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል፤ በዚህ ላይ ጦሙን የዋለ ሰው ተቀምጦ ከተወጋ ይወድቃል። ምልክቱ ከመውደቁ በፊት ይታያል፦ ከንፈር ይነጣል፣ ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ላብ ይወጣል፣ ታካሚው ማዛጋት ይጀምራል። ያኔ መርፌዎቹ ሁሉ ይነቀላሉ፣ ሰውየው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይደረጋል፣ ሲነቃ ስኳር ያለበት ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ሁሉንም አስተኝቼ እሠራለሁ። ከፀሐይ ለገባ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃና ቀለል ያለ ምግብ ይቀድማሉ።

ላብ ሥራውን በሌላም መንገድ ያበላሻል። ላብ ባለበት ቆዳ ላይ አልኮል ይቀጥንና በደንብ አያጸዳም። ስለዚህ ቆዳው በንጹሕ ፎጣ ይደርቃል፣ 70 በመቶ አልኮል ይቀባል፣ አልኮሉ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ቶሎ ከተወጋ ያቃጥላል። የሰፉ ደም ሥሮች በቀላሉ ስለሚበልዙ መርፌው ከወጣ በኋላ ቦታውን በደረቅ ጥጥ ሳላሽ ተጭኜ እቆያለሁ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው መናገር አለባቸው። አየር ማቀዝቀዣው ወደ 25 ዲግሪ ይስተካከላል፣ ነፋሱ ግን መርፌ ያለበት ገላ ላይ በቀጥታ አይለቀቅም።

ባለሙያ በሌለበት በገዛ እጅ መርፌ መውጋት ክልክል ነው። በጣት መጫን ግን ይቻላል። ኔይጓንን በአውራ ጣት ደህና ጫና እየሰጡ ለአንድ ሁለት ደቂቃ መጫን፣ ከዚያ ወደ ሌላው እጅ መዞር ነው። ማታ እንቅልፍ ሲጠፋ «ዮንግጭዋን» አለ፦ ጣቶች ሲታጠፉ በውስጥ እግር የፊተኛው ሲሶ ላይ የሚሰረጉደው ቦታ። እግርን በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ እሱን ማሸት ደስ ይላል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን «ኸጉ» ለራስ ምታት ብዙዎች ይጫኑታል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን አትንካው።

ቻይናውያን ከዚህ ጎን ለጎን የማሾ ውሃ ይጠጣሉ። ማሾ በእኛም ገበያ ስላለ መሞከር ይቻላል። 100 ግራም ማሾ ታጥቦ፣ በፈላ 1.5 ሊትር ውሃ ውስጥ ተከድኖ 10 ደቂቃ ያህል ይበስላል። ቅርፊቱ ሳይፈነዳ አረንጓዴው ውሃ ይጠለላል። ክዳኑ ከተከፈተ አየር ስለሚነካው ወደ ቀይ ይለወጣል። ፍሬው ውሃ ተጨምሮበት ለወጥ ይሆናል። ብዙ ላብ ላፈሰሰ ሰው ግን ማሾ የጨውን ቦታ አይተካም፤ ለእሱ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው።

መርፌም ጣትም የማይነካው አንድ ሁኔታ አለ። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሰውየው ከተምታታ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ከወደቀ የፀሐይ ምት ነው። አምቡላንስ ይጠራ፦ ኢትዮጵያ 907፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። እስኪደርስ ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ወይም ያለማቋረጥ ማራስና ማናፈስ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም፤ ትን ይለዋል።