ከሰፈሬ ሳልርቅ ቤት ያገኘሁበት መንገድ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ፣ እኔ እዚያው አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በሯ ላይ ጀበና ቡና እሸጥ ነበር። ወጣት ሴቶች ከወላይታም ከሲዳማ ገጠርም መጡ። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋሉ። ይሄኔ አከራዮች ኪራይ በሰው ቁጥር ማስከፈል ጀመሩ። ብቻዬን ለምኖረው ለእኔም ዋጋው በየዓመቱ ይጨምር ነበር። በ2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል ስትታገድ ስንቷ የፋብሪካ ልጅ ሥራ አጣች። የእኛ ግቢ ኪራይ ግን አልወረደም።

ከዚያ ግቢው ተሸጠ። ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው፣ በሁለት ወር ልቀቁ ተባልን።

እኔ ርካሽ ፍለጋ ከተማው ዳር ወዳለችው ቱላ ሄድኩ። ተሳስቼ ነበር። ከኪራይ የተረፈኝን ባጃጅ በላው፤ ደንበኞቼም ተከትለውኝ አልመጡም። ቡና የሚሸጠው ሰው በሚያልፍበት ነው። በሦስተኛው ወር ተመለስኩ።

ስመለስ ብቻዬን ቤት አልፈለግሁም። ከድሮው ግቢ ሦስቱን የፋብሪካ ልጆች አገኘኋቸው። «እትዬ፣ እኛም እየተንከራተትን ነው» አሉኝ። ሦስት ክፍል ያላት ግቢ በሙሉ ልንይዝ ተስማማን። እቁብ ጀመርን፤ የመጀመሪያውን ብር ለቤቱ አደረግነው።

ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀን። በ2016 የወጣውን የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አንብቤዋለሁ፦ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። በሕግ ግን አላስፈራራሁም። ደላላው የሚያወራው ከግቢው ባለቤት ከባልየው ጋር ብቻ ነበር፤ እኔ ሚስቲቱ ዘንድ ሄድኩ። «እማማ፣ ሁለት ዓመት በሰላም ያስቀምጡን፣ ግቢውን እንደ ራሳችን እንይዘዋለን» አልኳቸው። እሺ አሉ። ውሉን በጽሑፍ አደረግን፤ ባልም ሚስትም ፈረሙ፣ ምስክር ቆመ።

ሁለት ነገር ግን ሳናስጽፍ ቀረን። አንዱ የመብራት ቆጣሪው ነው፤ ከአከራዮቹ ጋር ስለምንጋራው በየወሩ ጭቅጭቅ ሆነ። ሌላው ይብሳል፤ በሩ ላይ ቡና እንደምሸጥ ውሉ አይልም። ልጃቸው ጭሱ አስቸገረኝ ብሎ ሊያስነሳኝ ሲል የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። እማማ ናቸው ያስቀሩኝ። ቤት የምትከራዩ እህቶቼ፣ የምትሠሩትን ሥራ ውሉ ላይ አስጽፉ።

ልጆቹ ማታ ከሥራ ሲወጡ በረንዳው ላይ ቡና ይጠብቃቸዋል። ከፊት ለፊታችን ያለው ግቢ በቆርቆሮ ታጥሯል። ውላችን ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶታል፤ እቁቡን እንደገና ጀምረናል።