ለልጅ ልጅ ስንት ይበቃል?

ጳጉሜን 2

ሰሞኑን አያቶች ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ለልጆቹ ምን ልትሰጡ ነው? አንዷ ጎረቤቴ በባትሪ የሚሄድ መኪና ልትገዛ ዕቁቧ እስኪደርሳት ትጠብቃለች። ሌላዋ «ከእንግዲህ ለማን ላስቀምጥ?» ትላለች። እኔ በዚህ አልስማማም።

ለእኔ መጀመሪያ የሚነሳው የመድኃኒት ብር ነው። የደም ግፊቱ፣ የቤት ወጪው፣ ዕድሩ ከጡረታዬ ይወጣል። ስለ ስጦታ የማስበው ከዚያ በተረፈው ነው። ዛሬ የልጅ ልጄን አስፈንድቄ በጥቅምት ልጄን «መድኃኒት ግዢልኝ» ካልኳት፣ ስጦታውን የገዛችው እሷ ናት። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ አሻንጉሊት አይቀመስም።

ከብሩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ወንዱ ልጄ ደህና ገቢ አለው። ሴቷ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ለልጆቿ ጫማ የምትገዛው አጠራቅማ ነው። ትልቅ ዕቃ ተሸክሜ ቤቷ ብገባ ልጆቹ ይደሰታሉ። እሷስ? ዓመቱን ሙሉ «አሁን አይቻልም» ስትላቸው ከርማለች። ልጅ ደግሞ ያወዳድራል። የእናታቸው እጅ ከእኔ እጅ አንሶ እንዲታያቸው አልፈልግም። ስለዚህ ትንሽ ከተረፈኝ ጓዳ ጠርቼ ለእሷ እሰጣታለሁ፤ ለደብተሩ፣ ለዩኒፎርሙ። ልጆቹ ከእናታቸው ይቀበሉ።

በአባታቸው በኩል ያሉት አያቶች አሜሪካ ናቸው፤ ታብሌት ልከውላቸዋል። እግዜር ይስጣቸው። ልጆቹን የሚያዩዋቸው በስልክ ብቻ ነው፤ ናፍቆታቸውን በምን ይወጡት? ግን ከእነሱ ጋር አልፎካከርም። እኔ ትምህርት ቤት ሄጄ አመጣቸዋለሁ፣ ሲያማቸው አድራለሁ።

ለመጀመሪያ ልጄ ክርስትና አባቴ ጊደር ሰጥቷት ነበር። ጊደሯ ከከብቶቹ ጋር እየዋለች አድጋ ወለደች፤ ወተቷንም ቤተሰቡ ሁሉ ጠጣው። አባቴ ለዚያ ስጦታ አልተበደረም፣ ከበረቱ ነው ያወጣት። ከተማ ውስጥ በረት የለኝም። አቅሙ ያላቸው ጓደኞቼ ግን በልጅ ስም የባንክ ደብተር ቢከፍቱ ከመኪናው ይሻላል እላለሁ።

በበዓሉ ቀን ለልጆቹ የምሰጠው ለሁሉም እኩል ነው። የወንዱ ልጄ ልጆችም የሴቷም ያው ናቸው። ሴቶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ ሲገቡ፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ሲያመጡ፣ ለእያንዳንዳቸው ያልታጠፈ አዲስ 100 ብር አለ። ወላጆቻቸው «እማዬ፣ ምነው በዛ» አይሉም፤ እኔም ለወሩ አልቸገርም።

ያልወሰንኩት የትልቋን ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ትገባለች። ከትንንሾቹ እኩል ብሰጣት ቅር ይላት ይሆን? ለፈተናው የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍያ ላግዛት አስቤያለሁ። ነገ እናቷን ላማክራት።