መውጫ 32ን ካለፋችሁ አለቀላችሁ

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሰነበተችበት ሰመር «ውሃ ያለበት ውሰደኝ» አለችኝ። አናፖሊስ አጠገብ፣ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው ሳንዲ ፖይንት ስቴት ፓርክ ከቤታችን አንድ ሰዓት አይሞላም። ሥጋው ተዘፈዘፈ፣ ድፎው ተጠቀለለ፣ ከሰል ተጫነ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወጣን።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሩት 50 አውራ ጎዳና ላይ ወደ ፓርኩ የሚያስገባው መውጫ 32 ነው፤ ባሕረ ሰላጤውን ከሚያቋርጠው ድልድይ፣ ከቤይ ብሪጅ በፊት የመጨረሻው ነው። እኔ ሆዬ ከወንድሜ ጋር የየትኛው ዘፈን ይከፈት ክርክር ይዤ አለፍኩት። ከዚያ ወዲያ መዞሪያ የለም። ቤይ ብሪጅ ከ4 ማይል በላይ ይረዝማል፤ መርከብ በሥሩ ስለሚያልፍ መሃሉ ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ አጥሩ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «እመቤቴ ማርያም፣ የት ሊከተን ነው?» ትላለች። ወንድሜ ይስቃል። እኔ መሪውን ጨምድጄ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ለዚህ ሁሉ ፍዳ ደግሞ ከፍለናል! ሲሄዱ እንጂ ሲመለሱ አይከፈልም፤ ማጽናኛ ከሆነ።

ዞረን ስንደርስ ፓርኩ ሞልቶ በሩ ተዘግቷል። ድፎውን ነዳጅ ማደያ ቆመን በላን፤ ሥጋው ጥሬውን ቤቱ ገባ።

«ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ» ይባላል። እኔ የምላችሁ ግን ቅዳሜና እሁድን ለባለጉልበት ተዉት፤ ማክሰኞ ፈቃድ ውሰዱ። ሰኔ አካባቢ ይሁን፤ በጁላይና በኦገስት ጄሊፊሽ የሚባል የባሕር ፍጥረት እየመጣ ይለበልባል። ቢራ ክልክል ነው። የሌላ ስቴት ታርጋ ላለው መኪና የመግቢያው ዋጋ ይጨምራል።

እኛም በሌላ ሳምንት ማክሰኞ ገባን። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ነክራ ሳለ የቦታውን ነገር አጫወትኳት። በ1952 እንደ ፈረንጆቹ ሲከፈት ሳውዝ ቢች የነጮች፣ ኢስት ቢች የጥቁሮች ነበር። ጥቁሮች ከሰሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው፣ በ1955 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው።

«እኛ ያኔ ብንመጣስ?»

«በዚያ በኩል» ብዬ በጣቴ አሳየኋት።

ብዙ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ድልድዩ ላይ አረፈና ፊቷ ተለወጠ።

«ዛሬ በሱ አንሄድም አይደል?»