ድሮኔና የቡና ሚዛኑ

ድሮኔ ተነስታ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ባትሪዋ ያልቅ ነበር። 6 ደቂቃ! ባለ አራት ሞተር ናት፤ ፍሬሟ (አጽሟ) 450 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሮቿ 920 ኬቪ (ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ 920 ዙር)፣ ባትሪዋ ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የሚይዘው መጠን) ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር። መፍትሔው ግልጽ መሰለኝና ከአዲስ አበባ ባለ 5000 ባትሪ አስመጣሁ። ባትሪው ከእጥፍ በላይ ከሆነ ጊዜውም ከእጥፍ በላይ ይሆናል ብዬ።

9 ደቂቃ በረረች። ያውም እያቃሰተች። ስትወርድ ሞተሮቹን በጣቴ ብነካቸው ያቃጥላሉ።

ሰፈራችን ቡና የሚሸጡ እናት ዘንድ ሄጄ ሚዛናቸውን ለመንኳቸው። ትንሹ ባትሪ 185 ግራም፣ ትልቁ 400።

«ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቡና ነው?»

«የሚበር ቡና ነው፣ እማማ።»

ለካ የጨመርኩት ባትሪ ግማሽ ሥራው ራሱን መሸከም ነው። ግን ጥፋቱ የሱ ብቻ አልነበረም። ፕሮፔለሮቼ (ሞተሮቹ ላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች) 8 ኢንች ነበሩ። ድሮኗን የማበርባት ጅማ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ትንሽ ፕሮፔለር ክብደቱን ለማንሳት በጣም ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ ባትሪውን የሚበላው ይሄ ነው። ሰፊ አየር ቀስ ብሎ መግፋት ይረክሳል።

10 ኢንች በ4.5 ፕሮፔለር ገጠምኩ፤ 10 ስፋቱ ነው፣ 4.5 ደግሞ የክንፉ ዝመት መለኪያ። መጀመሪያ ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ተርብ የሚጮኸው ጎርነን አለ። አየር ላይ ለመቆም ከሁለት ሦስተኛ በላይ እገፋው የነበረው ስሮትል (የሞተሮቹን ኃይል የሚቆጣጠረው ዘንግ) ወደ ግማሽ ወረደ። በትልቁ ባትሪ 12 ደቂቃ፣ በትንሹ 8። ሞተሩም ለብ ብቻ ይላል። ባትሪዬ ባለ 4 ሴል ቢሆን ግን ቮልቱ ከፍ ስለሚል 10 ኢንች አልደፍርም፤ እነዚህን ሞተሮች ያቃጥላቸዋል።

5000ው ብዙም አልቆየ። «አንዴ ልዙር» ብዬ አንዱን ሴል ከ3 ቮልት በታች አወረድኩት። በማግስቱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በሴል 3.5 ቮልት ሲደርስ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሳልሰካ አልነሳም። በ5000ው ፈንታ ሁለተኛ 2200 ገዛሁ፤ አንዱን አውርጄ ሌላውን እሰካለሁ። ድሮኗ ቀላል ስለሆነች ብትወድቅም ብዙ አትሰበርም።

ሳላበር የምሰነብት ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጌ፣ እሳት ቢነሳ እንዳይዛመት ሸክላ ድስት ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። እናቴ ድስቷን እስካሁን ትጠይቀኛለች።