ሦስተኛው ወንበር

ማታ ቁልፉን ሳዞር ልጄ ታለቅስ ነበር። የሰው ልጅ አባቱ ሲገባ ይቦርቃል። የእኔዋ የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ እግሮቿ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ ከዚያ ለቅሶ። አልፈርድባትም። ለእሷ እኔ ማለት «ስፖርት» ነበርኩ። ስፖርት ደግሞ ሕመም ነው።

ሚጣ ዘንድሮ አምስት ዓመቷን ያዘች። ታፍና ነው የተወለደችው። ዘጠኝ ወር ሆኗትም አንገቷ አልጠና ሲል ጎረቤቱ «አንዳንድ ልጅ ዘግየት ይላል፣ ትደርሳለች» ይለን ነበር። እኛም ማመን ስለፈለግን አመንን። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ነው ሐኪሙ ስሙን የነገረን፤ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር። የአንጎሏ ጉዳት ከእንግዲህ አይጨምርም አለን። እፎይ ልንል ስንል ቀጠለ። አጥንቷ ያድጋል፤ የተወጠረው ጡንቻ ግን እኩል አይረዝምላትም፤ ዝም ካላችሁት መገጣጠሚያዎቿ ይታሰራሉ።

«በየቀኑ ስፖርት አሠሯት» ተባልን። እንዴት እንደሚያዝ ያሳየን ግን አልነበረም። አንድ ወረቀት ተሰጠን። ወረቀቱ ላይ የፈረንጅ ልጅ ትልቅ ኳስ ላይ ተኝቷል። ኳሱን ከየት እንደምናመጣው ጠያቂም መላሽም የለም። ቀጠሮው በወር አንዴ፣ ለግማሽ ሰዓት። እኛ ያለነው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ለዚያች ግማሽ ሰዓት እናቷ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አዝላት ትወርድና ሁለት ሦስት ታክሲ ትቀያይራለች። አንዳንዱ ረዳት ለልጅቷም ሙሉ ሂሳብ ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ አይቷት የእናቷንም አይቀበልም። ሁለቱም ያማል።

ስለዚህ ሕክምናው ቤት ገባ። ቀኑ የእናቷ፣ ማታው የእኔ ሆነ። አናጺ ነኝ፤ አያት አካባቢ እንጨት ቤት ነው የምሠራው። እጁ ጠንካራ ነው ተብሎ እግር መዘርጋቱ ለእኔ ተሰጠ። ጉልበቷን ጫን፣ ተረከዟን ሳብ፣ እስከ ሃያ ቁጠር። ታለቅሳለች። እቆጥራለሁ። አንዳንዴ አሥራ ሁለት ላይ የራሴ እንባ ይመጣና ቁጥሩ ይጠፋኛል። እንደ አዲስ ከአንድ። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ገፋን።

ወጌሻም ጋ ወስደናታል። ለወለምታ እጁን የማምነው ሰው ነው። ዳሌዋን ሲይዝ ግን የእናቷ ጩኸት አስቆመው። ጸበሉን አልተውንም፤ እሱ በቦታው ነው።

ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ ራሴን መክሰስ። ያን ቀን ባለቤቴን ምጥ ሲይዛት መኪና እስካገኝ ቆየሁ። ቶሎ ባገኝስ ኖሮ? አንድ ሌሊት በስልኬ ሳነብ አደርኩ። ዊልያም ሊትል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1862 እ.ኤ.አ. ነገሩን ከአስቸጋሪ ምጥ ጋር አያይዞ ጽፏል። ሕመሙም ለረጅም ጊዜ በእሱ ስም ይጠራ ነበር። ሲግመንድ ፍሮይድ (አዎ፣ የሕልሙ ሰውዬ) ደግሞ በ1897 ሌላ ነገር አለ፤ ምጡ የከበደው ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ ቀድሞ ስለተጎዳ ሊሆን ይችላል። የዛሬ ሐኪሞች መንስኤው ብዙ ነው ይላሉ፤ ያለጊዜ መወለድ፣ የአራስ ልጅ የከፋ ቢጫ መሆን፣ ማጅራት ገትር፣ መታፈንም። ፍሮይድን ያን ሌሊት ወደድኩት። ጠዋት ግን መኪናው ተመልሶ መጣብኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት፣ በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ ቤታችን ድረስ መጣች። መጀመሪያ እግሯን ትይዛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልነካቻትም። «ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» አለች። ባለቤቴ ሳታመነታ «ማብላት» አለቻት።

«እስቲ አሁን አብያት።»

ባለቤቴ እንደ ሁልጊዜው ጭኗ ላይ አንጋለለቻትና የሽሮ ፍትፍት ጀመረች። ሚጣ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ተወጠረች፣ ግማሹን ተፋችው። ፊዚዮዋ ወደ እኔ ዞራ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀበለችኝ። «የሚጣ አባት፣ እስቲ ጣሪያውን እያዩ ይጠጡልኝ።» ጠጣሁ። ትን አለኝ። ዓይኔ እስኪቀላ ሳልኩ።

«እሷ በቀን ሦስቴ እንደዚህ ናት» አለችኝ።

ምግቡ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ደረቷን ደጋግሞ የሚያማትም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አገጯ በትንሹ ወደ ደረቷ ዘንበል ብሎ ነው መብላት ያለባት። ለመቀመጥ ደግሞ ወንበር ያስፈልጋል። «እርስዎ አናጺ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለሰው ቤት ስንት ወንበር ሠርቻለሁ። ለልጄ አንድም።

የመጀመሪያው ወንበር ያምር ነበር። ቬርኒሽ ሁሉ ቀብቼዋለሁ። መቀመጫው ግን ጠለቀ፤ ጀርባዋ መደገፊያው ጋ አይደርስም፤ ሁለት ጉርሻ ሳትበላ ተንሸራትታ ከሥር ትወጣለች። ሁለተኛው ላይ ቀበቶ ጨመርኩ፤ ሆዷ ላይ። ስትወጠር ቀበቶው ወደ ጎድኗ ይወጣል።

ሦስተኛውን ከመቁረጤ በፊት ፊዚዮዋ ጋ ደወልኩ። በስልክ መለካት አስተማረችኝ። የሠላሳ ዓመት አናጺ መለካት ሲማር! ከመቀመጫዋ ጀርባ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ፣ ከዚያ ላይ ሁለት ጣት ተቀንሶ። ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ፣ እግሯ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል። ዳሌዋ፣ ጉልበቷ፣ ቁርጭምጭሚቷ ዘጠና ዲግሪ። ቀበቶው ብሽሽቷ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚስብ። ጉልበቶቿ መሃል በስፖንጅ የተጠቀለለ እንጨት። ከፊቷ ጠረጴዛ። ሁሉንም ከኮምፔንሳቶ ቆረጥኩት፤ ቬርኒሹን ተውኩት።

ስናስቀምጣት እንደ ልማዷ ልትወጠር ሞከረች። የምትንሸራተትበት አጣች። ትንሽ ቆይታ ትከሻዋ ወረደ። ቀኝ እጇ ሁልጊዜ ቡጢ ነው። ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ አውራ ጣቷ ብቅ አለ። ያን ቀን ሳታስል ግማሽ ሳህን በላች።

ስፖርቱስ? ፊዚዮዋ ጨርሶ አላስቆመችንም። ግን እያለቀሰች መሳብ ጡንቻውን ይበልጥ እንደሚያስቆጣው ነገረችን። ገላዋን ታጥባ ሞቅ ሲላት፣ በቀስታ። ዋናው እሷ ራሷ የምትሠራው ነው አለች፤ ሌላ ሰው የሚሠራባት አይደለም። የምትፈልገውን ነገር ለማግኘት ደጋግማ ስትሞክር ነው አንጎሏ የሚማረው። ስለዚህ አሁን ቡና ሊቆላ ሲል የሚታጠበው ቡና ለብ ባለ ውሃ ፊቷ ይቀርባል። ሁለት እጇን ትነክራለች። አንዲት ፍሬ ለመያዝ ትታገላለች። ግማሹ ወለል ላይ ነው። እናቷ «የቡና ዋጋ እኮ እሳት ሆኗል እማዬ» እያለች ትለቅማለች።

የገረመኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። ሚጣ ሕፃን ሳለች እናቴ ከገጠር አንቀልባ ይዛ መጥታ ቀኑን ሙሉ ታዝላት ነበር። እኔ «ልጅቷን ጎዳሻት» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ የአንዱ ገደማ ዳሌ ከመገጣጠሚያው እየሸሸ ይሄዳል፤ በኤክስሬይ መከታተል ያለብን ለዚያ ነው። ፊዚዮዋ ስለ አንቀልባው ስትሰማ ሳቀች። እግሮቿ ተከፍተው የአያቷን ወገብ አቅፈው መታዘሏ ለዳሌዋ ጥሩ አያያዝ ነበር አለች። ለእናቴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ምኑን እንደሆነ እንኳ አላስታወሰችውም።

ያቺን ወረቀት፣ ኳስ ላይ የተኛውን ልጅ፣ አልጣልኳትም። ጀርባዋ ላይ የሚጣን ልኬት እጽፍበታለሁ። ጉልበቷ ጠረጴዛውን መንካት ጀምሯል። ቅዳሜ ኮምፔንሳቶ ልገዛ ነው።

ማታ ስገባ አሁንም አንዳንዴ ታለቅሳለች። ጃኬቴን ሳወልቅ እጄን ነው የምታየው። ሜትር ይዤ ከሆነ ግን ዝም ትላለች። ስለቀው ተጠቅልሎ ሲገባ «ጧ» የሚለውን ድምፅ ትወደዋለች፤ በሳቅ ትፈርሳለች። ትናንት አንዱን እግሯን ብቻ ስድስት ጊዜ ለካሁት።