ከጎማዬ የወጣችው ስባሪ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ባሕር ዳር ከቤዛዊት ኮረብታ ስመለስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሳይክሌን እየገፋሁ ዛፍ ሥር የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ደረስኩ። የውስጡን ጎማ አውጥተው ነፉና ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በጣታቸው ያዙ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ማስቲሽ ቀቡ። ከዚያ ከውጭኛው ጎማ የሩዝ ፍሬ የምታክል የጠርሙስ ስባሪ ነቅለው ጣሳ ውስጥ ጣሏት። ጣሳው ግማሽ ደርሷል። ሚስማር፣ ሽቦ፣ ጠርሙስ።

«ሁሉም ከዳር የተለቀመ ነው ልጄ። መኪና ሲመጣባችሁ ዳር ትይዛላችሁ፣ ስብርባሪው የሚጠራቀመው ደግሞ እዚያው ዳር ነው።»

ማስቲሹ እስኪደርቅ ስለ ፓሬንዛና አወራኋቸው። ከጣልያኗ ትሪየስቴ እስከ ክሮኤሺያዋ ፖሬች 123 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ተከፍቶ በ1935 ተዘጋ። ዛሬ አብዛኛው የሳይክል መንገድ ሆኗል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፣ ስለዚህ ከባሕሩ ወደ ኮረብታው የምትወጣው ቀስ እያልክ፣ በዋሻና በድልድይ እያለፍክ ነው፤ በብዙው ቦታም መኪና የለም።

«ልጆች ብቻቸውን ይነዱበታል?» አሉኝ። ስለ ባሕሩም ስለ ዋሻውም አልጠየቁም።

ጥያቄያቸው አብሮኝ ዋለ። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ሐይቁ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ሳይክል ደግሞ አብሮን ያደገ ነው። አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ለሳይክል የተለየ መስመር አለ፤ እዚያ ስደርስ ትከሻዬ ሲላላ ይታወቀኛል። ያ መስመር ከጣና ዳር እስከ ቤዛዊት ግርጌ ሳይቆረጥ ቢቀጥል ብዬ ከልቤ ተመኘሁ። እህቴ ልጇን ሳይክል ይዞ እንዳይወጣ የከለከለችው መኪና ፈርታ ነው።