ስነ ጥበብ ተምሬ በእንጨት ህትመት እንዴት ኑሮ ጀመርኩ

አዲስ አበባ የሚገኘው «አለ» የስነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት መግባት የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። «ተምሮ ለሚወጣ ሥራ አለ ወይ?» ነው ጥያቄያቸው። አለ። ግን ቅጥር ብቻ ለሚጠብቅ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። እኔን የጠቀመኝ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ከተመረቅኩ በኋላ በምን ዕቃና የት ቦታ እንደምሠራ ማሰብ መጀመሬ ነው።

የመግቢያ ፈተናው የስዕል ፈተና ነው። ለፈተናው የምትዘጋጁ ካላችሁ ፎቶ መገልበጡን ተዉት። ጀበና፣ ወንበር፣ የራሳችሁን እጅ ፊት ለፊት እያያችሁ ሳሉ። ፎቶ ዕቃውን አስቀድሞ ወረቀት ላይ ጠፍጥፎ ይሰጣችኋል። ፈታኙ ማየት የሚፈልገው ግን ያንን እናንተ ማድረግ መቻላችሁን ነው። አንዱ ዕቃ ከሌላው ምን ያህል ይበልጣል? ጥላው ከየት ይነሳል? ዓይን ይህን የሚለምደው በብዙ ልምምድ ብቻ ነው።

ከገባን በኋላ ሁሉንም ነገር ነካካን። ድሮዊንግ፣ ቀለም ቅብ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ አናቶሚ፣ የስነ ጥበብ ታሪክ። አብዛኛው ልጅ ልቡ ያለው ቀለም ቅብ ላይ ነው። እኔ የህትመት ክፍሉን መረጥኩ፣ ማለትም ፕሪንትሜኪንግ። የቤተሰቤ ሰዎች የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የምሆን መስሏቸው ነበር።

የእንጨት ህትመት ሥራው እንዲህ ነው። ስዕሉን እንጨቱ ላይ ትነድፋላችሁ። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን ቦታ ፈልፍላችሁ ታወጣላችሁ። ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው ከፍ ያለው ክፍል ነው። በሮለር ቀለም ትቀባላችሁ፣ ወረቀት ታለብሳላችሁ፣ ትጫናላችሁ። ወረቀቱ ሲነሳ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፊደል ካለበት እንጨቱ ላይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። የተፈለፈለ እንጨት ደግሞ አይመለስም። በዚህ ምክንያት መሮ ከማንሳቴ በፊት በወረቀት ላይ ደጋግሜ መንደፍ ልማዴ ሆነ። ዛሬ የመጽሐፍ ሽፋን ሲያሠሩኝ ደንበኞቼ የሚወዱልኝ ይህንኑ ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚመስል ያያሉ።

የህትመት ክፍሉ ያኮራኝ ነበር፤ ታሪክ አለውና። ሰዓሊው አለ ፈለገሰላም ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሃንሰን ባሂያ የሚባሉ የእንጨት ህትመት ባለሙያ መጥተው አስተምረዋል። ትውልዳቸው ጀርመን፣ ኑሯቸው ብራዚል ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆች ደርድረው በላያቸው ላይ የሚሠሯቸው ስዕሎች በጣም ይታወቃሉ። እነዚያን ሥራዎች ሳይ እንጨት ቀርጾ ያደገ እጅ ያለ ይመስለኛል። መስመሩ ጠንካራና ቁርጥ ያለ ነው። የስልክ ስክሪን ይህን አያሳይም፤ ሙዚየም ሄዳችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ከመመረቄ በፊት ያስጨነቀኝ የማተሚያ ማሽኑ ነበር። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ተከራይቼ የምኖርበት ክፍል ውስጥ የሚገባም አይደለም። መስመሩ በአሲድ ብረት ላይ የሚቀረጽበት ኤቺንግ የሚባለው ህትመት ያለ ማሽን የማይሆን ነገር ነው፤ አሲዱም አየር የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል። የእንጨት ህትመት ግን በእጅ ይታተማል። ወረቀቱ ቀጭን ከሆነ፣ ጀርባውን በእንጨት ማንኪያ አጥብቆ ማሸት ይበቃል። እናም የምርቃት ኤግዚቢሽኔን ሆን ብዬ በእጅ በታተሙ ሥራዎች ሞላሁት። መርካቶ የተገዛ ኮምፐርሳቶ፣ የተሳለ መሮ፣ ሮለር፣ ማንኪያ። ጓደኞቼ «ማሽን እያለ ምን አደከመህ?» ይሉኝ ነበር። ስመረቅ ግን ሥራዬ አንድ ቀን አልተቋረጠም። ጠረጴዛ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ከተመረቁ በኋላ ቦታና ዕቃ አጥተው መሥራት ያቆሙ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል።

ህትመት ለገበያም ይመቻል። የቀለም ቅብ ሥራ አንዴ ከተሸጠ ሄደ። ከአንድ እንጨት ግን ብዙ ቅጂ ይወጣል። 20 ይሁን ብላችሁ ከወሰናችሁ እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ 1/20፣ 2/20 እያላችሁ ትፈርማላችሁ። 21ኛው አይታተምም፤ ገዢው የከፈለው ይህን አምኖ ነው። የአንዱ ዋጋ ስለሚቀንስ ከእኔ የሚገዙት ሀብታሞች ብቻ አይደሉም። አስተማሪዎችና ነርሶች አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስዕል የሚገዙ አዲስ ተጋቢዎች አሉ። ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ እነሱ ቤት መግባቴ ነው።

የመዝገብና የውል ሥራውንም ቸል አትበሉ። እያንዳንዱን ሥራ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ርዕሱን፣ መጠኑን፣ የተሠራበትን ነገርና ዓመቱን መዝግቡ። አንድ ጋለሪ በቃል ተስማምቶ የወሰዳቸው ህትመቶቼ ጠርዛቸው ታጥፎ ተመልሰውልኛል። ከዚያ ወዲህ ሥራው በምን ሁኔታ እንደወጣ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና የጋለሪው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ጽፈን ተፈራርመን ነው የምሰጠው። ጋለሪ እስከ ግማሽ ሊወስድ ይችላል፤ በሰጠው አገልግሎት ልክ ከሆነ አልቃወምም። ዋጋዬ ግን ጋለሪም ቤቴም አንድ ነው። ገዢው በጓሮ መጥቶ በርካሽ የሚያገኝ ከሆነ ቀጣይ ጊዜ የሚያሳይልኝ ጋለሪ አላገኝም።

አሁን ገቢዬ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከህትመት ሽያጭ፣ ከመጽሐፍ ሽፋንና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ከማስተማር። ወሩ ሁሉ እኩል አይደለም። ልጆቻቸውን ስነ ጥበብ ለማስተማር የሚያመነቱ ወላጆች ሲጠይቁኝ ይህንኑ ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ጠረጴዛዬን፣ መሮዎቼንና የሽያጭ መዝገቤን አሳያቸዋለሁ።